ይኸነውና ድምፅ የሌላት መኪና

ቆሰበር መናኸሪያ ውስጥ ሹፌሩን ይኸነውን የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ የሄደ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ከቆሰበር ዳንግላ፣ ከዳንግላ ቆሰበር ተመላልሷል። ቁመቱ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጆሮው ደግሞ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው። የሚነዳውም በጆሮው ነበር። አሮጌዋ አባዱላ ላይ ፍጥነት የሚያሳየው ቀስት ከሞተ ቆይቷል። የቤንዚኑም ቀስት «ሙሉ» ላይ ደርቆ ቀርቷል፤ ማደያ ሰልፍ ላይ ሁለት ቀን ለሚውል ሰው ከዚህ የባሰ ሽሙጥ የለም። ይኸነው ግን ቀስት አይፈልግም። ሞተሩ ሲያጉረመርም ማርሽ ይቀንሳል፤ ሲያፏጭ ይጨምራል፤ ሲያስል ደግሞ በሃይላንድ የተሸጠለት ቤንዚን ውስጥ ላምባ እንደገባበት አውቆ ሻጩን እስከ ሰባት ቤቱ ይረግማል።

መንገደኛውም የሚኖረው በጆሮው ነው። ከቆሰበር እስከ አዲስ ቅዳም ከተማ ባለው ቁልቁለት፣ በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አስፋልቱ የገበያተኛ ነው። ከሰል የተሸከመው፣ በግ የሚጎትተው፣ አህያ የሚነዳው ሁሉ መሀሉን ይዞ ይሄዳል። ወደ ኋላ ዞሮ የሚያይ የለም። ለምን ይዞራል? አባዱላ ስትመጣ ከጋራው ማዶ ትሰማለች። ሲሰሟት ጥግ ይይዛሉ፤ ስታልፍ መሀሉን መልሰው ይወርሱታል። የትራፊክ ደንብ ማለት በዚህ አገር ይኼው ነው፤ በመጽሐፍ የተጻፈው ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ብቻ ያገለግላል።

አባዱላዋ የይኸነው አልነበረችም፤ የእትዬ ደብሪቱ ነበረች። እትዬ ደብሪቱ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሰው አፉን ሳይከፍት መልሱን የሚያውቁ ሴት ናቸው። ነሐሴ ላይ የማደያው ሰልፍ መናኸሪያውን አልፎ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርስ በቃኝ አሉ። አባዱላዋን ሸጡ፤ ጳጉሜን ላይ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ነጭ ሚኒባስ ከአዲስ አበባ አስመጡ። አብሯትም አንድ የሚያብረቀርቅ ወረቀት መጣ። ወረቀቱ ላይ ጥርሷን የምታሳይ ሴት አለች፤ ከሥሯ በትልልቁ፣ «ጭስ አልባ፣ ድምፅ አልባ፣ ጭንቀት አልባ» ይላል።

ይህን የጻፈው ሰው አዲስ ቅዳምን በቅዳሜ አላየም። ቢያይ ኖሮ ሁለተኛውን ይሰርዝ ነበር፤ ያን ጊዜ ሦስተኛው እውነት ይሆንለት ነበር። ይኸነው ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበው። ሦስቱንም ጊዜ «ድምፅ አልባ» ከሚለው አላለፈም።

የመናኸሪያው ምሁራን የሚፈሩት ሌላ ነበር። መናኸሪያ ደግሞ ምሁር አጥቶ አያውቅም።

«ዝናብ ከነካት በኮረንቲ ሰው ትጨብጣለች አሉ» አለ ጎማ ጠጋኙ።

«ታዲያ ዝናብ የማይለየው ቆሰበር ምን ልትሠራ መጣች?» አለው ከጎኑ የተቀመጠው።

«መብራት ሲጠፋስ? ቤንዚን ቢያልቅ በጀሪካን ይመጣል። መብራት በጀሪካን ይቀዳል?»

«መብራት ቢጠፋ አንድ ቀን ነው፤ ቤንዚን ሲጠፋ ሳምንት ነው» አለች ትዕግስት። «መቁጠር ካልቻልክ ጎማህን ጠግን።»

ትዕግስት የይኸነው ረዳት ናት። ሠላሳን ተሻግራለች፤ ጥሊሊ ላይ ስትጣራ ቆሰበር ላይ የተኛ ሰው ይነሳል ይሏታል። ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ አሁን ግን አለቃዋን ምን እንደነካው አላወቀችም። ይኸነው ወረቀቱን እያጣጠፈ ይዘረጋል። ዝናቡንም የመብራቱን መጥፋትም አልፈራም። የፈራው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ነገር ነው፤ ለሚስቱ እንኳ ነግሯት አያውቅም።

ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ረዳት ነበር። አለቃው ዓለምነው የሚባል ሹፌር ነው፤ ቤንዚን ቆጣቢ። ከቆሰበር ወጥቶ ቁልቁለቱ ሲጀምር ሞተሩን ያጠፋል፤ ማርሹን ያወጣል፤ መኪናዋን እንደ ድንጋይ ይለቃታል። «እግዜር ቁልቁለትን የፈጠረው ለድሃ ሹፌር ነው» ይል ነበር። እሱ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም ያደርገው ነበር። ሞተሩ ስለማይሰማ መጮህ የረዳት ሥራ ነው፤ ይኸነው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ጥግ፣ ጥግ» እያለ ይወርዳል።

አንድ ቅዳሜ ጧት፣ አዲስ ቅዳም ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ለአንዲት ተሳፋሪ ቀልድ ሊነግራት አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ። ቀልዱ አጭር ነበር። አንገቱን ሲያወጣ ፊት ለፊቱ የከሰል ጆንያ አየ፤ ጆንያው እግር ነበረው። ቀጥሎ ቅጭ የሚል ድምፅ ሰማ፤ ከሰል ሲሰባበር የሚሰማውን።

ሴትዮዋ ዘውድነሽ ትባል ነበር። ስሟን ያወቀው በእርቁ ቀን፣ ሽማግሌ ገብቶ ደሙ ሲደርቅ ነው። ዓለምነው ታሰረ፣ ካሳም ከፈለ፤ ከዚያ በኋላ እስኪሞት መሪ አልጨበጠም። ረዳቱን ግን የጠየቀው የለም። ለምን አልጮህክም ያለው አንድ ሰው አልተገኘም። ያልተጠየቀ ሰው መልስ የሚሰጥበት ቦታ የለውም፤ ይኸነው መልሱን በሆዱ ይዞ ጎለመሰ። ሹፌር ከሆነ ወዲህ አንድም ቀን ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት አልወረደም። ጓደኞቹ «የቤንዚን ባለጸጋ» እያሉ ሲያላግጡበት እሱ ሞተሩን እያንጓጓ ይወርዳል።

አሁን ደግሞ ከተወለደች እስክትሞት ሞተሯ የጠፋ መኪና እትዬ ደብሪቱ አመጡለት።

«ቅዳሜ ገበያውን ትጀምራለህ» አሉት።

«እትዬ፣ እጄ እስኪለምዳት ቅዳሜን ብናልፈው።»

«ቅዳሜን ካለፍኩ ለምን ገዛኋት? ካልሆነልህ ምንይችል አለልኝ።»

ምንይችል የእህታቸው ልጅ ነው፤ መንጃ ፈቃዱ ቀለሙ ያልደረቀ፣ በአንድ እጁ ስልክ በአንድ እጁ መሪ የሚይዝ ጎረምሳ። ይኸነው አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከመንዳት ሌላ ሙያ የለውም። ቁልፉን ተቀበለ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ እዚያው እትዬ ደብሪቱ ግቢ፣ አንድ የሚያሳፍር ነገር አደረገ። ቁልፉን ለምንይችል ሰጠውና በሩ አጠገብ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

«ከአጥሩ ሥር ተነስተህ ቀስ ብለህ ወደ እኔ ና» አለው። «ስሰማህ እጄን አነሳለሁ፤ ያን ጊዜ ትቆማለህ።»

«ካልሰሙኝስ?»

«እሰማሃለሁ።»

ቆመ። የዝናቡ ጠፈጠፍ ቆርቆሮውን ሲመታ ሰማ። የጎረቤት ዶሮ ስታስካካ ሰማ። ሩቅ ያለ ወፍጮ ሰማ፤ የራሱንም ልብ ሰማ። መኪናዋ በቀስታ ስትሄድ እንደ ትንኝ ሲር ትላለች ብለውት ነበር፤ ለትንኟ ጆሮውን አቀና። እጁን ሳያነሳ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ከኋላ ሱሪውን ነካው።

«ሞተዋል» አለ ምንይችል በመስኮት ብቅ ብሎ። «ነፍስ ይማር፣ ጋሼ።»

ይኸነው ቁልፉን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ማታ ራቱን አልበላም፤ ሚስቱ ስትጠይቀው ጥርሴን አሞኛል አላት።

ቅዳሜ ጧት ቆሰበር በጉም ተጠቅልላ ነቃች። የመስከረም ጉም ነው፤ የመናኸሪያውን በር ከመናኸሪያው የሚለይ። ዝናብ ባይኖርም ተሳፋሪው ወንበሩን በእጁ ጫፍ እየነካካ፣ እንዳይጨብጠው እየተጠነቀቀ ተቀመጠ። መጨረሻ የገቡት አያ አድማሴ ናቸው፤ ሰባውን ያለፉ፣ ከአገው ፈረሰኞች ማኅበር የጥር ሃያ ሦስት በዓል አንድም ዓመት ሳይቀሩ የኖሩ ሽማግሌ። የፈረሳቸውን ጌጥ በከረጢት ይዘዋል፤ ዳንግላ ያለ ቆዳ ሰፊ ጋ ሊያሳድሱት ነው። ከረጢቱ በተነቃነቀ ቁጥር ውስጡ ያለው ሻኩራ ይንሿሿል፤ በፈረስ አንገት ላይ የሚታሰረው የቃጭል ድርድር።

መኪናዋ መንቀሳቀስ ጀመረች።

«ሹፌር» አሉ አያ አድማሴ፣ «ተነስታለች ወይስ አልተነሳችም?»

«ተነስታለች፣ አያ።»

«ታዲያ ምን ዝም አሰኛት?»

«አመሏ ነው።»

«ፈረስ እንኳ ኮቴ አለው። ኮቴው የማይሰማ ነብር ነው።»

«አያ፣ ነብር ግን ማደያ አይሰለፍም» አለች ትዕግስት። መኪናው በሙሉ ሳቀ። ይኸነው ብቻ ነብር የምትለዋን ቃል ይዞ ቀረ።

ቁልቁለቱ ተጀመረ። ከመሪው አጠገብ ባለው ስክሪን ላይ የቻርጁ መጠን ሰማንያ አንድ በመቶ ይላል። ትንሽ ወረዱ፤ ሰማንያ ሁለት አለ። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ከኋላው አንገቷን አስግጋ አየችው።

«ሲሄዱባት ይጨምርላታል እንዴ?»

«ቁልቁለት ላይ ራሷን ትሞላለች» አላት።

ዓለምነው ይህን ሳያይ ሞተ። ያ ሰው ለአንድ ጣሳ ቤንዚን ሲል ሞተር አጥፍቶ ሰው ገደለ፤ ይቺ ደግሞ ሳትለመን፣ ሳትሰለፍ፣ ከቁልቁለቱ ላይ እየለቀመች ትመልሳለች። በሁሉም ነገር ከአባዱላ ትበልጣለች። አትሸትም፣ አታስልም፣ ዳገት ላይ አትለምንም። አንድ ነገር ብቻ ጎደላት፤ የጎደላት ነገር ደግሞ ዘውድነሽን የገደላት ነው። 

ከፊት ለፊት፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ሁለት ጭነት ፈረስ የሚነዳ ሰው ብቅ አለ፤ መሀሉን ይዟል። ይኸነው ክላክሱን ተጫነው። እንዲህ ያለ ክላክስ በዚያ መንገድ ላይ ያለማስጠንቀቂያ፣ ከጀርባ፣ ከክንድ ርቀት ተሰምቶ አያውቅም፤ አባዱላ ቀድማ በሞተሯ ሰላምታ ትሰጥ ነበርና። ፈረሶቹ በኋላ እግራቸው ቆሙ፤ አንደኛው ጭነቱን እንደያዘ ቦዩን ዘሎ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ጫካ ውስጥ ገባ። ባለቤቱ የሰደበው ስድብ በአገውኛ ነበር። ይኸነው አገውኛ በመቻሉ ያን ጊዜ አዘነ።

«ሁለተኛ ክላክሷን እንዳትነካት» አሉ አያ አድማሴ፣ ድምፃቸው ተለውጦ። «ሰው በፈረስ ኮቴ ታስገድላለህ።»

ስለዚህ ዝም ቢል ይገድላል፤ ቢጮህም ይገድላል። በእግር መንገድ ፍጥነት መንዳት ጀመረ። ከኋላ ያሉት ማጉረምረም ያዙ።

«ሹፌር፣ ወርደን እንግፋት?»

«ገበያው ተፈትቶ እንድንደርስ ነው?»

«ትዕግስት» አላት ሳይዞር፣ «በሩን ከፍተሽ ጥግ እያልሽ ጩሂ። አታቋርጪ።»

ትዕግስት ከፈተች፣ ጮኸች። ጥሊሊ ድረስ ይሰማል የተባለው ጉሮሮ አሁን ለከበረ ሥራ ዋለ። ከጉሙ ውስጥ ጥላዎች እየዘለሉ ጥግ ያዙ። አንድ ኪሎ ሜትር እንዲህ ሄዱ፤ ይኸነው ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ።

«አንቺ፣ መልሴን መቼ ነው የምትሰጪኝ?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ትዕግስት አንገቷን ወደ ውስጥ አስገባች። «ዳንግላ ሳንደርስ ልትሞት ነው እንዴ የቸኮልከው?» አለችው። ያለችው ይኼው ነው፣ ከዚህ አይበልጥም።

ይኸነው ግን ዝምታውን ሰማ። የሰማው ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ የረዳት ዝምታ። ለምን እንደሆነ ሳያስብ ፍሬኑን በሙሉ እግሩ ረገጠ፤ ሁሉም ሰው ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር ተሳሳመ። ከመስታወቱ ፊት ጥቁር ጆንያ ተደቀነ። ጆንያው እግር ነበረው።

መኪናዋ ቆመች። ከመቆሟ በፊት ግን አፍንጫዋ ጆንያውን ነካችው፤ ከሰሉም ቅጭ አለ።

ከጆንያው ሥር ያለችው ሴት አልወደቀችም። ወደ ኋላም አልዞረችም። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተገፋችና ከኋላዋ ትመጣለች ያለቻትን ጓደኛዋን በአገውኛ ተናገረቻት። «አትግፊኝ እንጂ፣ አንቺ፤ እኔም እየሄድኩ ነው» ነበር ያለችው።

ይኸነው በሩን ከፍቶ ወረደ። ሊሄድ የፈለገው ወደ ሴትዮዋ ነበር፤ ግን አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ። ሴትዮዋ አሁን ዞረች። መጀመሪያ ነጩን መኪና አየች፤ ከየት እንደወረደ ለማወቅ ሰማዩን ሁሉ ቃኘች። ቀጥላ መሬት ላይ ያለውን ሰውዬ አየች።

«ወንድሜ» አለችው በአማርኛ፣ «አሞሃል?»

ይኸነው ጆንያዋን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

ተሳፋሪው ወረደ፤ ከቦ ቆመ። አንዳንዱ አማተበ፣ አንዳንዱ ሰዓቱን አየ። ገበያ ያለበት ሰው ፈጣሪውን የሚያመሰግነው ባጭሩ ነው።

«በል ተነስ፣ ምንም አልሆነችም» አለው ቅድም መልስ የጠየቀው።

«እኔ አልነዳም» አለ ይኸነው። «ቁልፉ እላይዋ ላይ ነው። የሚደፍር ይንዳ።»

ማንም አልደፈረም። አያ አድማሴ ግን ከረጢታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ። አስፋልቱ ላይ ዘረገፉት፤ ከቀይ ክርና ከቆዳ መሀል ሻኩራውን ጎትተው አወጡ።

«ፈረሴ እስከ ጥር ሃያ ሦስት አይፈልገውም» አሉ። «ከዚያ ቀን በፊት ትመልሳለህ። ገመድ ያለው ሰው አለ?»

ከሰል የተሸከመችው ሴት ከጆንያዋ ላይ አንድ ጠፍር ፈትታ ሰጠቻቸው። ሻኩራውን ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር አንጠለጠሉት፤ የገመዱን ጫፍ በመስኮት አስገብተው ለትዕግስት አስያዟት። መንገዱ ለስላሳ ሲሆን እንድትጎትተው ነው፤ መንገዱ ለስላሳ የሚሆንበት ቦታ ግን ብዙ አልነበረም። ትዕግስት ገመዱን ሁለት ዙር በእጇ ላይ ጠመጠመችው። ከዚያ በኋላ አልቀለደችም።

አዲስ ቅዳም እየተንሿሹ ገቡ። ገበያተኛው እንደ ውኃ ለሁለት ተከፈለ። በዚህ አገር ለሻኩራ መንገድ የማይለቅ ሰው አልተወለደም፤ ማንም ክብር ያለው ፈረሰኛ ይመጣል ብሎ ጥጉን ይይዝና ነጭ ሚኒባስ ሲያልፍ አፉን ይከፍታል። ፈረሱን ፍለጋ ወደ ውስጥ አጮልቆ ያየም ነበር።

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ቆሰበር ገባ። አመሻሹ ላይ እትዬ ደብሪቱ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ጠበቁት።

«መኪናዬን በቅሎ አደረግካት አሉ። ወረቀቱ ምን ይላል? ድምፅ አልባ ነው የሚለው። እኔ ለዝምታዋ ከፍዬ አንተ ቃጭል ታስርባታለህ?»

«እትዬ፣ ያለሱ አልነዳትም።»

«ፍታው።»

ይኸነው ቁልፉን አውጥቶ የተጣጠፈው ጨርቅ ላይ አስቀመጠው። ሥራው እዚያ ጨርቅ ላይ እንደተቀመጠ ያውቃል። ቀጥሎ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረውን ነገር ተናገረ፤ አጭር ነበር።

«ዓለምነው ዘውድነሽን ሲገድል ረዳቱ እኔ ነበርኩ። መጮህ ነበረብኝ። አልጮህኩም።»

ትዕግስት አጠገቡ ነበረች። የሒሳብ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ከቁልፉ ጎን አኖረችው። ሻኩራውን ፈትተው ተያይዘው ወጡ። እትዬ ደብሪቱ ቁልፉን ከጨርቁ ላይ አነሱና ምንይችልን ጠሩት።

ሰኞ ጧት ምንይችል ያለ ረዳት፣ ያለ ሻኩራ፣ ሙዚቃ ከፍቶ ወጣ። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ። መኪናዋ ላይ ጭረት የለም፤ እሱ ግን ፊቱ አመድ መስሏል። ምን እንዳጋጠመው እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም። ቁልፉን ለአክስቱ አልሰጠም፤ በእግሩ የይኸነው ቤት ድረስ ሄዶ በሩን አንኳኳ።

«ጋሼ» አለው፣ «ያቺን ሻኩራ የት አደረጓት?»

ማክሰኞ ሻኩራው ተመልሶ ታሰረ። እትዬ ደብሪቱ ከሱቃቸው ሆነው አዩ፤ ስለ ወረቀቱ እንኳ አላነሱም። ጥር ሃያ ሦስት ሻኩራው ወደ ፈረሱ እንደሚመለስና መኪናዋ ያን ቀን እንደምትቆም ሲነገራቸውም «እንቁም ካላችሁ ቁሙ» ብቻ አሉ።

ይኸነው አሁንም ጉም ባለ ቀን ከዳንግላ ሲመለስ ሸሚዙ ከጀርባው ይጣበቃል። ያን ማክሰኞ መሪው ፊት ከተቀመጠ በኋላ ወደ ረዳቱ ዞረ።

«ትዕግስት» አላት።

«አቤት፣ ጋሼ።»

«ወደ ውስጥ አትዙሪ። መልስ የሚፈልግ ሰው ዳንግላ ላይ ይቀበል።»

«እሺ።»

«ቀልድም የለም።»

«ቀልድም የለም» አለችና ገመዱን ሳበች። ይኸነው ውጭ እየዘነበ፣ ውኃው ቢገባበትም መስኮቱን እስከ ታች አወረደው፤ ሻኩራው ሲንሿሿ በገዛ ጆሮው ከሰማ በኋላ ፍሬኑን ለቀቀ።